ተልባ የተቀባው የጥርስ ሽቦ

ልጆቹ ሰብሰብ ባሉ ቁጥር «እምዬ፣ የተልባውን ነገር ይንገሩን» ይሉኛል። ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ሲስቁ እኔም እስቃለሁ፣ ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያውን ይረሱና እንደገና ይንገሩን ይላሉ። ዘንድሮ ትልቅየዋ «እንዲያውም ይጻፉትና እኛ እናንብበው» አለችኝ። እኔ ተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን የለየሁት ልጅ ሳለሁ ከአጥራችን ሥር የቆሎ ተማሪዎች ጮኸው ሲያጠኑ እየሰማሁ፣ በኋላም ውዳሴ ማርያም ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ነው። እጄ ይዘገያል። ወሬዬም መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ ነው የሚሄድ። እናንተ የምታነቡት ታገሱኝ፤ እደርሳለሁ።

ያን ጊዜ ቤታችን ከጅጋ ወጣ ብሎ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወርደው በቆሎ ለበቆሎ የሚሄዱበት ቀበሌ። ኢህአዴግ ገበሬውን አንድ ለአምስት አደራጅቶ ስብሰባ የበዛበት፣ ሞባይል ደግሞ ገና ጉብታ ላይ ወጥተን የምንነጋገርበት ዘመን ነው። ባለቤቴ አያ ፈንቴ የአንዱ ቡድን መሪ ነበሩና ከእርሻ የተረፈውን ጊዜ ስብሰባ ይበላባቸው ነበር። እኔ ደግሞ እግሬ ቤት አይቀመጥም። ጅጋ ገበያ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ዘመድ ጥየቃ ነው፣ ፈረስ ቤት ለቅሶ ነው፣ ቡሬ ክርስትና ነው። አያ ፈንቴ «ሚስቴን የፈለገ መንገዱን ይጠይቅ» ይሉ ነበር። በባሕር ዳሩ መንገድ ግን ከቡሬ ወዲያ አላውቅም። ባሕር ዳርን በሰው ወሬ ነበር የማውቃት።

በነሐሴ ነው። ፍልሰታ ገብቷል፣ ዝናቡ አይለቅም። የልጅ ልጄ ትርንጎ ከባሕር ዳር መጣች። ትርንጎን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ከተማ መሥሪያ ቤት ገብታለች። ወትሮ ከአጥሩ ማዶ ጀምራ «እምዬ» እያለች ነበር የምትመጣ። ያን ቀን ዝም ብላ ገባች። ጉልበቴን ሳመች፣ የአያቷን ጉልበት ሳመች፣ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ጥርስሽን ያምሻል?» አልኳት።

«አያመኝም፣ እምዬ።»

«ታዲያ ምነው እንደ ሙሽራ ተሸፋፈንሽ?»

ነጠላውን ገለጠችው። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ቀረብ ስል በየጥርሷ ፊት ላይ የምስር ክክ የምታህል ነጭ ነገር ተለጥፋለች። በእነዚያ መሀል ለመሀል ደግሞ ጥርስ የመሰለ ቀጭን ክር ያልፋል። ክር አይደለም፣ ሽቦ ነው አለችኝ። ሰው እንዳያይብኝ ብዬ የጥርስ ቀለም የተቀባውን መርጬ ነው ያስገባሁት አለች። ነገርዬው በሙሉ ብሬስ ይባላል፣ ምስሮቹ ደግሞ ብራኬት።

አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው እስኪጠግቡ አዩ። «ጥርስሽንም አንድ ለአምስት አደራጁት?» አሉ።

ትርንጎ ሳቀች፤ እጇ ግን ወዲያው ወደ አፏ ሄደ።

«ለምንድን ነው ልጄ?» አልኳት።

«ፍንጭቴን ለመዝጋት ነው።»

እናንተ የዛሬዎቹ ምን እንደምታደንቁ አላውቅም። በእኛ ጊዜ ፍንጭት ያላት ልጅ ጥምቀት ላይ ስትስቅ ጎረምሳው መንገድ ይጠፋው ነበር። ፍንጭት ታይቶ ሽማግሌ ተልኳል። «ሰው አጥቶ የሚመኘውን?» አልኳት።

«እምዬ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና አንባቢ ልሆን ተፈትኜ ነበር። ድምፄን ወደዱት። ‹ሰ› ላይ ስደርስ ግን ትንፋሼ በፍንጭቱ ያመልጥና ያፏጫል። ማይኩ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ፉጨቱን ነው የሚያጎላው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ እንደገና እንፈትንሻለን ብለውኛል።»

«ሬዲዮ ላይ ጥርስ ይታያል እንዴ?» አሉ አያ ፈንቴ። «ሽቦውን ጥርስ ማስመሰሉ ለምን አስፈለገ?»

«ሬዲዮ ላይ አይታይም፣ አባባ። ቢሮ ይታያል። ታክሲ ውስጥ ይታያል። በብረቱ ብስቅ ሰው ሁሉ አጥር የዋጥኩ ነው የሚመስለው።»

አሁን የልቤን ልንገራችሁ። ትርንጎ የአንድያ ልጄ የደብሪቱ ልጅ ናት። ደብሪቱ ሽንዲ አገባች፣ እዚያው ወለደች፣ ትርንጎ ጡት ሳትጥል እናቲቱን ወባ ወሰደብኝ። ፎቶ የላትም። ከመልኳ የተረፈኝ ፍንጭቷ ነው። ስፌት ስትሰፋ አንድ እጇ በወስፌ፣ ሌላው በአክርማ ይያዝና ስንደዶዋን፣ ያቺን ቀጭን የስፌት ሣር፣ የምታቆየው እፍንጭቷ ላይ ነበር። ስንደዶው ከፊት ጥርሶቿ መሀል ቆሞ፣ እርሷ በከንፈሯ ጥግ በኩል ታወራለች። ትርንጎም ማንም ሳያስተምራት እንዲያ ታደርግ ነበር። ስትስቅ ደግሞ ደብሪቱ በር ከፍታ የገባች ይመስለኛል። ይኼን ለማንም፣ ለአያ ፈንቴም ቢሆን፣ ተናግሬ አላውቅም። የደብሪቱን ስም ያነሳን እንደሆነ ቤቱ ይጨልማል ብለን ሁላችንም ዝም ብለን ነበር የኖርነው።

እንግዲህ ያ በር ሊዘጋ ነው።

«ታዲያ እየተዘጋ ነው?» አልኳት።

«የት ይዘጋል፣ እምዬ» አለች። «ጥርሱ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ነው መሄድ ያለበት፤ ጨሌ በክር ላይ እንደሚሄደው። ላስቲኩ ሁለቱን ወደ መሀል ይስባቸዋል። የእኔ ሽቦ ግን ብራኬቱ በነካው ቁጥር ነጩ ቀለም እየተፋቀ ይሻክራል። ጥርሱ ሊሄድ ሲል ሻካራው ይይዘዋል። ዶክተሩ ሰበቃ በዝቶበታል ይላል። ካልተነቃነቀ በብረት እንቀይረው ብሎኛል። ብረቱን ደግሞ አልፈልገውም።»

ሰበቃ የሚባለውን ነገር ያን ቀን ነው ስሙን የሰማሁ፤ ወዲያውም ወደድኩት። እሰየው፣ አጥብቀህ ያዝ አልኩት በሆዴ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን እንዲሁ ሄደ። ትርንጎ በዝናቡ ምክንያት ቤት ትውላለች። ግድግዳችን እንዳያራግፍ አሮጌ ጋዜጣ ለጥፈንበት ነበር። እርሷ ሆዬ ፊቱ ቆማ ዜና ማንበብ ትለማመዳለች። «የሴቶች ስብሰባ በሰላም ተጠናቀቀ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ «ሰ» ላይ ያፏጫል። ውሻችን ደፋር ከደጅ ይሰማና ጠራችኝ ብሎ ይመጣል። ታባርረዋለች። «ስብሰባው» ስትል ይመለሳል። እኔና እርሷ በሳቅ ሞትን። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ደፋር ሦስተኛ ጊዜ ጭራውን እየቆላ ሲገባ ትርንጎ ሳትስቅ ቀረች። ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አለችና ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ከተተች።

«ውሻው እንኳ ዜና መሆኑን አላወቀልኝም፣ እምዬ» አለች።

እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ በሆዴ ያሞገስኩት ሰበቃ ልጄን ሲያስለቅሳት እያየሁ። የሞተችውን ልጅ ፍንጭት ይዤ በሕይወት ያለችውን ላስለቅስ ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። ተነሥቼ ወጣሁ።

አያ ፈንቴ በረንዳው ላይ ምራን እያለሰለሱ ነበር። ቀንበሩንና ሞፈሩን የሚያስተሳስረው ጠፍር ነው፤ ሲደርቅ ይሻክርና አልሄድ፣ አልጠብቅ ይላል። ሞራ ወይ ቅቤ ሲነካው እንደ እባብ ይልወሰወሳል። ቆሜ አየኋቸው። የሻከረን ነገር እኛ ቤት ምን እናደርገዋለን? እንቀባዋለን። ጣት ላይ የጠበቀ ቀለበት ቢሆን፣ ሲጢጥ የሚል በር ቢሆን፣ የደረቀ ራስ ቢሆን እንቀባዋለን። እንግዲህ ሽቦውን መቀባት ነው አልኩ።

ቅቤው ማሰሮ ውስጥ አለ። ግን ፍልሰታ ነው።

የነፍስ አባታችን ቄስ ደምለው ናቸው። ለጥርስ ነገር ሩቅ ሰው ናቸው፤ የቀራቸው ከፊት አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ከቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ጋ ጠበቅኋቸው።

«አባቴ፣ ቅቤ ጥርስ ላይ መቀባት ጾም ያስገድፋል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ራስሽ አልበቃ ብሎሽ?»

ነገሩን ከነሽቦው፣ ከነሰበቃው አስረዳኋቸው። መስቀላቸውን በመዳፋቸው እያገላበጡ ጥቂት አሰቡ።

«ልጅቱ ምራቋን ትውጣለች፣ አትውጥም?»

«ትውጣለች እንጂ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ቅቤውም አብሮ ይወርዳል። አይሆንም።»

«ጥቂት ናት እኮ። ምራን የምንቀባትን ያህል ናት።»

«ምራን አይጾምም» አሉኝ።

አንገቴን ደፍቼ ልሄድ ስል «ቆይ እንጂ» አሉ። «ተልባ የጾም ነው። መንሸራተቱ ደግሞ ከቅቤ ይብሳል።» እጃቸውን ስሜ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ጠሩኝ። «ለመሆኑ ይኼ ሽቦ የወለቀውንም ይመልሳል?»

አይመስለኝም አልኳቸው። «ጠይቂልኝ» አሉ።

ተልባውን ወቅጬ በውኃ ዘፈዘፍኩት። ሲያድር ልግግ ብሎ በማንኪያ ስታነሱት ማንኪያውን ተከትሎ የሚመጣ ሆነ። የዕለቱ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ምግቧን በልታ ስታበቃ፣ ትርንጎን ደጃፍ ላይ ብርሃን ወዳለበት አስቀመጥኳት።

«እምዬ፣ ዶክተሩ ቢያይ ይገድለኛል።»

«ዶክተሩ ባሕር ዳር ነው። አፍሽን ክፈቺ።»

በስንደዶ እየነከርኩ ምስሮቹን አንድ በአንድ፣ ሽቦውንም ከዳር እስከ ዳር ቀባሁላት። ከጨረስኩ በኋላ ዜና አንብቢ አልኳት። «የሴቶች ስብሰባ» አለች፤ ቃሉ ሁሉ አዳልጦት እየተጋጨ ወጣ። አያ ፈንቴ ከውስጥ ሆነው «ለሊቀመንበራችንም ይቀባልን፤ ንግግሩ ቶሎ ይወርድ ይሆናል» አሉ።

በየቀኑ እንዲያ አደረግን። ጠዋት ጠዋት ደረቅ ስንደዶ እፍንጭቷ ውስጥ አስገብቼ እለካለሁ። እንደ ድሮው ቆሞ ይቀራል፤ አይጠብም፣ አይሰፋም። እንዲጠብ ነበር የምቀባ፤ ስንደዶው ሲቆም ግን ልቤ ቀስ ብላ ደስ ይላታል። ሁለቱም እውነት ነበር። ምን ላድርግ?

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል አያ ፈንቴ የዓመቱን የመጀመሪያ የበቆሎ እሸት ከማሳው ይዘው መጡ። ፍሙ ላይ አጋደሙት። የእኛን አገር የበቆሎ እሸት ሽታ የማያውቅ ሰው ካለ ይቆጨኛል። ትርንጎ ጠንካራ ነገር በፊት ጥርስ መጋጥ ተከልክላለች፤ እየፈለፈለች በመንጋጋዋ ነው መብላት ያለባት። መፈልፈሉን ጀምራ ነበር። ከዚያ ሽታው አሸነፋትና እንደ ልጅነቷ በሁለት እጇ ይዛ ገመጠችው።

ቀጭ አለ።

ሁላችንም ሰማነው። ትርንጎ በቆሎውን አስቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች፤ አንዷ ምስር መዳፏ ላይ ወደቀች። የሽቦው ጫፍ ከኋላ በኩል ካለበት ወጥቶ ጉንጯን ከውስጥ ወግቷታል፤ ምራቋ ቀላ። እርሷ ግን ስለ ጉንጯ አይደለም ያለቀሰችው።

«ፈተናዬ» አለች። «ይኼን ሁሉ ወር ሽቦ ያደረግሁት በከንቱ ነው። አበቃ።»

አያ ፈንቴ በቆሎውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ እንደ ጥፋተኛ። «እርሱስ ባይበስል ኖሮ» አሉ። ማንም አልሳቀላቸውም።

ጉንጯን እንዳይወጋት ምን ይሻላል ስል ዶክተሩ ሰም ይሰጠኝ ነበር፣ ጨረስኩት አለች። ሰምስ አለኝ። ለማርያም ካስቀመጥኩት ጧፍ ጫፉን ቆርሼ፣ በጣቴ አሙቄ፣ የሽቦውን ጫፍ ሸፈንኩላት። ጾሙ በተፈታ ማግስት በማለዳ አስፋልቱ ላይ ወጥተን ቆምን። አያ ፈንቴ ስብሰባ ስለነበረባቸው ከእርሷ ጋር የምሄድ እኔ ሆንኩ። «መንገዱ ሊናፍቅሽ ነበር መቼም» አሉኝ፤ ዣንጥላቸውን ሰጡኝ።

ሚኒባሱ ፍኖተ ሰላም እስኪሞላ ቆመ፣ ቡሬ ደግሞ ሌላ ሰው ጨመረብን፤ ረዳቱ «ጠጋ፣ ጠጋ» እያለ ከሰው ጭን ላይ ሰው ያስቀምጣል። ቡሬን አልፈን እግሬ የማያውቀው አገር ሲጀምር ትርንጎ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች።

«እምዬ፣ ባይዘጋ ደስ ይልዎታል አይደል?»

«ምኑ?»

«ፍንጭቴ። ሲያናግሩኝ ዓይኔን አያዩም እኮ። አፌን ነው የሚያዩት። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ መኪና ውስጥ ይጠየቃል? መሸሻ የለኝም፤ በአንድ በኩል መስኮት፣ በሌላው የአንድ ቄስ ጓዝ። ነገርኳት። ስለ ደብሪቱ። ስለ ስንደዶው፣ በከንፈሯ ጥግ ስለማውራቷ፣ አባቷን አያ ፈንቴን ስታናድድ በፍንጭቷ ውኃ ትረጫቸው እንደነበር፣ ወደ ሽንዲ ስትሸኝ በቅሎዋ ላይ ሆና ዞር ብላ እንዴት እንደሳቀች። ኮሶበር እስክንደርስ አወራሁ። ብርዱም፣ ፈረሶቹም፣ የአገዎቹም አገር ሲያልፍ አላየሁትም። ትርንጎ እጄን ይዛ ትሰማለች። እናቷን በእኔ አፍ የሰማች ያን ቀን ነው።

ስጨርስ «እንግዲያው ይቅር» አለች። «ዶክተሩ ያውልቅልኝ። ዜና ሌላ ሰው ያንብብ።»

እንዴት ያለ ፈተና ነው እናንተ። የተመኘሁትን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እሺ ብል አለቀ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይኖራል። ዳንግላን አልፈን መራዊ ድረስ የዣንጥላውን እጀታ ሳሽከረክር ሄድኩ።

ሕክምና ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር ሰውን እንደ አልጋ ያስተኛል። መደርደሪያው ላይ ነጫጭ ነገር ተደርድሯል፤ የእኔ ዓይን ከሩቅ አይለይምና ስኳር መሰለኝ፤ ጥርስ ከሚያክሙበት ስኳር ምን ይሠራል ስል ገረመኝ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ፊቱ የደግ ሰው። ትርንጎን አስተኝቶ መብራት አበራ፣ አየ፣ ቆንጥጦ አንዲት ነገር አወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ትርንጎ አፏ ተከፍቷል። መልስ ከእኔ ሆነ። «ተልባ ነው ልጄ።»

«ተልባ?»

«ሽቦው ሻክሯል ስላልካት ቀባንላት። ቅቤ እንዳናደርግ ጾም ሆነብን።»

ዶክተሩ መሣሪያውን አስቀመጠ። ዞረና ግድግዳውን አየ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሲመለስ ዓይኑን እየጠረገ ነው። «እማማ፣ ተልባዎ አልጎዳም፣ አልጠቀመምም። የጎዳው በቆሎው ነው። ይምጡ ላሳይዎት» አለኝ።

የትርንጎን ሽቦ መዝዞ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ጥፍርዎን ያስኪዱበት።» አስኬድኩት። እንደ ተላጠ ግድግዳ ነው፤ እዚህ ቀለም አለ፣ እዚህ የለም፣ ጥፍሬ በየመንገዱ ይቀራል። ቀጥሎ የብረቱን ሰጠኝ። እንደ መርፌ፤ ጥፍሬ ከጫፍ ጫፍ ተንሸራቶ መዳፌ ላይ ወደቀ። «የእርስዎ ተልባ ከላይ ነው የሚቀመጥ። ጥርሱን የያዘው ራሱ ሽቦው ነው። በዚህ ከቀየርነው እስከ ጥር ይዘጋል ብዬ አስባለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረ። «ችግሩ፣ ብረቱ ይታያል። ምን ትያለሽ?»

ትርንጎ ከወንበሩ ቀና ብላ እኔን አየች። አፌን አይደለም፣ ዓይኔን።

እኔ ያን ጊዜ ያደረግሁትን ልጆቹ ሲሰሙ ይጮኻሉ። የላይ ከንፈሬን በጣቴ ወደ ላይ ገለበጥኩት። ድዴ ንቅሳት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የጠቆረ። «ይቺን አየሻት?» አልኳት። «ልጃገረድ ሳለሁ በእሾህ ወጉኝ፣ ጥላሸት ቀቡብኝ፣ አፌ አብጦ ስንት ቀን አጥሚት ጠጣሁ። ለምን ነበር? ስስቅ እንዲታይ ነዋ። ያማረኝን ነገር ደብቄ አላውቅም። አንቺ የምትፈልጊው ዜና ማንበብ ከሆነ፣ ብረቱ ይታይ። አጥር ዋጠች ይበሉሽ።»

«እናቴስ?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ዶክተሩ አላወቀም፤ ጓንቱን ያስተካክላል። መራዊ ድረስ ይዤው የሄድኩት ጥያቄ ይኼ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መልሱ ራሱ ወጣ። «እናትሽን ሚኒባስ ውስጥ አገኘሻት አይደል? በአፍሽ ተሸክመሽልኝ ኖርሽ፣ ደከመሽ። ከእንግዲህ እኔ እያወራሁ እይዛታለሁ። ዝጋው ልጄ» አልኩት ለዶክተሩ።

«ብረቱ ይግባ» አለች ትርንጎም፣ እንደገና ተኛች።

ዶክተሩ ውጭ እንድጠብቅ ነገረኝ። በሩ ላይ ዞሬ ግን የቄስ ደምለውን ጥያቄ ጠየቅሁላቸው። የወለቀውን አይመልስም አለ፤ ለእርሳቸው ሌላ ዘዴ አለ፣ ይምጡ አለ። ስነግራቸው «እንግዲያው በተልባው እቀጥላለሁ» ነው ያሉት።

ትርንጎ ከውስጥ ስትወጣ ከንፈሯ አብጧል፣ ጥርሷ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። በብብቷ ትንሽ ካርቶን ይዛለች።

«መድኃኒት ነው?» አልኳት።

«እንደዚያ ይበሉት» አለችኝ። «ተሰባሪ ነው።»

ስንመለስ ደክሟት ትከሻዬ ላይ ተኛች። ከአጠገባችን የተቀመጠች ሴት የትርንጎን አፍ አይታ ምን ሆና ነው አለችኝ። አጥር ውጣ ነው አልኳት።

ጥር ገባ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፍንጭቱ ተዘጋ። ተፈተነች፣ አለፈች። የመጀመሪያዋን ቀን ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥን፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ቄስ ደምለውም መጡ። የልጄ ድምፅ ሲመጣ የሰጧት ዜና ስለ በቆሎ ምርት ነበር። አያ ፈንቴ «ቂሟ አልወጣላትም» አሉ። ደፋር ደጃፉ ላይ ተጋድሟል። «ስብሰባ» ስትል ጆሮዬን ቀሰርኩ፤ ውሻው አልተነሣም። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁና ጥቂት አለቀስኩ፣ ጎመን ቀነጠስኩና ተመለስኩ።

አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ፣ የምታነቡኝ። እኔ የሞተ ሰው መልክ የሚጠበቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ስጠብቀው የኖርኩትን ያህል ግን ስለ ደብሪቱ ቃል አልተነፈስኩም፤ ትርንጎ ፍንጭቷ የማን እንደሆነ ሳታውቅ ነው ያደገች። ከዚያች መኪና ወዲህ ግን አወራለሁ። ሽንዲ ሄጄ መቃብሯን አጸዳሁ፣ ጎረቤቶቿን አገኘሁ፣ እኔ የማላውቀውን ቀልዷን ነገሩኝ። ቤቱም አልጨለመም። አያ ፈንቴም አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ማንም ሳያነሣባቸው፣ «ያች ልጅ ውኃ ትረጨኝ ነበር» ብለው ብቻቸውን ሳቁ። እናንተም የምትወዱትን ሰው ስም አትቆልፉበት። ልጆቹ ይጠይቋችሁ፣ ንገሯቸው።

ትርንጎ አገባች። ስትወልድ አራስ ልጠይቅ ባሕር ዳር ሄድኩ፤ አሁን መንገዱን አውቀዋለሁ። ለሕፃኑ ጥፍር መቁረጫ መቀስ ስፈልግ ቁም ሣጥኗ ውስጥ አንዲት ካርቶን ከፈትኩ። ጥርስ። ሙሉ መንጋጋ፣ ነጭ፣ ሰው የሌለበት። በስመ አብ ብዬ ልጥለው ስል ፍንጭቱን አየሁት።

«የእኔ ነው፣ እምዬ» አለችኝ ከአልጋዋ። «ሽቦ ከማስገባታቸው በፊት አፋችንን በጀሶ ያነሡታል። እዚያ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አላዩም? ያን ቀን እርስዎ ሲወጡ ዶክተሩን ለመንኩት። ልሰጥዎት ነበር። ከዚያ ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ፣ ቀን ስጠብቅ ዓመት ሄደ።»

ከመሶቧ ክዳን አንዲት ስንደዶ መዘዝኩ። ጀሶው ፍንጭት ላይ አስገባኋት። ቆመች።

ካርቶኗንም ያን ጊዜ ነው ያወቅኋት። ከባሕር ዳር ስንመለስ ትርንጎ እንቅልፍ ወስዷት ካርቶኗ ከጉልበቷ ልትወድቅ ነበር። ተሰባሪ ነው ብላኛለችና፣ ከቡሬ እስከ ጅጋ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ደረቴ ላይ አጥብቄ የያዝኳት እኔ ነበርኩ።